ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ባለፈው ጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ጧት፣ አክስቴ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ከረቡዕ ገበያ ተነሥተው ደብረ ማርቆስ ከቤቴ ደረሱ። ሁልጊዜ ሲመጡ ድንችና የገብስ ቆሎ አይለያቸውም፤ በዚያን ቀን ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ቡና ተፈልቶ አቦል ከተጠጣ በኋላ እኅቴን ወደ ጓዳ ጠሯት። እኅቴ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አክስቴ በግራ ጡታቸው ውስጥ እንደ ዋልካ ጓል የጠነከረ እብጠት ካገኙ ዓመት ዐልፏቸው ኖሯል። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ፤ ቀጥሎ ጠበል ተጠመቁ፤ ከዚያም በነጠላቸው ሸፍነው ዝም አሉ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለእኛ ሲነግሩን የኖሩት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ወደ ሆስፒታል ሄድን፤ በመርፌ ተወስዶ ተመረመረ፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ተባለ። በዋዜማው ማታ አንድ ወጣት ሐኪም ካርዳቸውን ይዞ ወደ አልጋቸው መጣ። በትሕትና ጠየቃቸው፤ መረመራቸው፤ «ነገ በጧት እንገናኛለን፥ እማማ» ብሎ ሄደ። ዕድሜው ከእኔ ብዙ የሚበልጥ አይመስልም። ገና ጀርባውን ሲያዞር አክስቴ የኮቴን ጫፍ ሳብ አድርገው፥

«አንተ ልጅ፥ ይህ ብላቴና ከእኔ በፊት ስንት ሰው ቀዷል?» አሉኝ።

«እትዬ፥ ትልቁ ሐኪም አብሮት ይገባል» ብዬ ላባብላቸው ሞከርሁ።

«ትልቁስ ይሁን፤ እኔ የምጠይቅህ ስለዚህኛው ነው።»

መልስ አልነበረኝም። በየቀኑ የተማሪ ጥያቄ ስመልስ የምውል መምህር፣ ፊደል ላልቈጠሩት አክስቴ የምመልሰው አጣሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፥ ጥያቄው የድፍረት ጥያቄ አይደለም። ቤት የሚያሠራ ሰው አናጢው ከዚህ በፊት የሠራውን ቤት አይቶ ይዋዋላል። በሬ የሚገዛም ጠምዶ ይሞክረዋል። ሰውነታችንን ለምላጭ ስንሰጥ ግን መጠየቅን እንደ ነውር እንቈጥረዋለን። በሌላው በኩል ደግሞ ለሐኪሙም እንፍረድለት። ከእናቱ ማኅፀን ቀዶ ጥገና ዐውቆ የወጣ የለም። ማንኛውም ቀዶ ሐኪም፣ ስሙ የገነነው ሳይቀር፣ የመጀመሪያ ሰው ነበረው። ታዲያ ያ የመጀመሪያ ሰው ማን ይሁን? የእኔ አክስት? የአንተ እናት? ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ስለተገኘው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንወቅ። የጡት ነቀርሳ፣ ማለት የጡት ካንሰር፣ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የበዛው ነው። ብዙዎቹ ሕመምተኞችም እንደ አክስቴ ዘግይተው ስለሚመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ጡቱን በሙሉ ከብብት ንፍፊቶች ጋር ማውጣት ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ቆዳውን ከሥሩ ካለው የጡት ሥጋ ይለያል። ቆዳውን አወፍሮ ከተወው በሽታው አብሮ ሊቀር ይችላል፤ ከመጠን በላይ ካቀጠነው ደግሞ ቆዳው ደም አጥቶ ይሞታል፤ ቁስሉም አይገጥምም። በግ ገፎ የሚያውቅ የገጠር ልጅ ነገሩ በቶሎ ይገባዋል። ቢላዋው ወደ ቆዳው ካዘነበለ ቆዳው ይበሳል፤ ወደ ሥጋው ካዘነበለ ሥጋው ከቆዳው ጋር ይሄዳል። ነገር ግን በጉ ሞቶ ነው የሚገፈፈው፤ ቆዳው ቢበሳም የሚጐድለው ዋጋው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ወደ ብብት ይገባል። እዚያ ትልቅ የደም ሥር አለ። በደረት ጐን ቁልቁል የሚወርድ አንድ ቀጭን ነርቭም አለ። ይህ ነርቭ ከተጎዳ የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት እንደ ክንፍ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ሴትዮዋም ክንዷን ከራሷ በላይ ማንሣት ይቸግራታል። እንስራ አዝላ ውኃ ለምትቀዳ፣ እንጀራ ለምትጋግር፣ ጥጥ ለምትፈትል ሴት ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም፤ ኑሮዋን የሚነካ ነው። ነርቩ ከክር ብዙ አይወፍርም። መጽሐፍ ላይ በቢጫ ቀለም ተሥሎ ይታያል፤ በሰው ገላ ውስጥ ግን ቢጫ ቀለም የተቀባ ነገር የለም። ዐይን ለይቶ እንዲያውቀው፣ እጅም እንዲርቀው፣ ደጋግሞ ማየትና ደጋግሞ መሥራት ያስፈልጋል።

የዱሮ ሐኪሞች ይህን ሁሉ የተማሩት በሕመምተኛው ላይ ነው። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፋኒ በርኒ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ በ1811 ፓሪስ ላይ ጡቷ ሲቈረጥ ማደንዘዣ ገና አልታወቀም ነበር። የሆነባትን ሁሉ በኋላ ለእኅቷ በደብዳቤ ገልጻ ጽፋለች፤ እስከ 1840ም በሕይወት ኖራለች። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በ1846 ቦስተን ላይ በሕዝብ ፊት ከታየ ወዲህ ሕመምተኛው ሥቃይ ባይሰማውም፣ የሐኪሙ ትምህርት ግን እዚያው በሰው ገላ ላይ ቀረ። ዊልያም ሐልስቴድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ጡቱን፣ የብብቱን ንፍፊትና የደረቱን ጡንቻ ጭምር የሚያወጣውን ታላቅ ቀዶ ጥገና አስፋፋ። ወጣት ሐኪሞች በደረጃ እያደጉ ኃላፊነት የሚቀበሉበትን የሥልጠና ሥርዐትም ያቆመ እርሱ ነው። በቀዶ ሐኪሞች መካከልም «አንዱን አይ፤ አንዱን ሥራ፤ አንዱን አስተምር» የሚል አባባል ሲወርድ ሲዋረድ ኖረ። ለተማሪው መልካም አባባል ነው። ለዚያች ለ«አንዷ» ግን እንዴት ነው? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚለው የእኛ ተረት እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል።

ደግሞም ዘዴው ራሱ ይለዋወጣል። በኢጣልያ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ፣ በአሜሪካም በርናርድ ፊሸር፣ በብዙ ሴቶች ላይ በጥንቃቄ መርምረው፣ በሽታው ሳይገፋ ከተገኘ እብጠቱን ከዙሪያው ሥጋ ጋር ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም ጡቱን በሙሉ ከማውጣት በዕድሜ እንደማያንስ አስረዱ። የ20 ዓመት ክትትላቸው በ2002 ታትሞ ወጣ። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ስለነበረ፣ ይህ ዘዴ እንደ ልብ ሊሠራበት አልቻለም። ሕክምናው ወደ ሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ ግን ሐኪሞቻችንም አዲሱን ዘዴ መማር አለባቸው። ያን ጊዜ ፀጉሩን ያሸበተው ሐኪም ሳይቀር እንደገና ተማሪ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሰው ጥያቄ የብላቴኖቹ ብቻ አይደለም።

ጥያቄውን በግልጥ የመለሱት አስቀድመው አውሮፕላን አብራሪዎች ናቸው። ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ አባቱ ኦርጋን የሚሠራ ሰው ነበረ። ልጁ ከኦርጋን ወናፍ መሬት ላይ ቆሞ እንደ አውሮፕላን የሚያዘነብል መሣሪያ በ1929 ሠራ። መጀመሪያ ሰው እንደ መጫወቻ ቈጥሮ ሳቀበት። በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር ፖስታ እንዲያመላልስ ታዞ፣ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር እየወደቁ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብዙዎች ሲሞቱ፣ ያ መጫወቻ ተፈልጎ ተገዛ። ዛሬ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ ባለው ማሠልጠኛው አብራሪዎቹን የሚያለማምደው በዚህ ዓይነት፣ እጅግ በተራቀቀ መሣሪያ ነው። አብራሪው ሞተር ሲጠፋበት፣ ጉም ሲጋርደው፣ ነፋስ ሲያንገላታው ምን እንደሚያደርግ እዚያ ይማራል። መቶ ጊዜ ቢወድቅ ማንም አይሞትም። መንገደኛ ጭኖ ሲነሣ ግን ስሕተቱን ሁሉ መሬት ላይ ጨርሶ ነው።

እኛ ጎጃሞች ግን ይህን ለመረዳት አውሮፕላን ማየት ባላስፈለገንም ነበር። ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ ቅኔ ቤት አዲስ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ተቀኝ አይባልም። ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ማታ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም ምሥጢሩ የተፋለሰውን፣ ቤት ያልመታውን ያርሙለታል። ስምንት ቤት ካለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ ስንት ቅኔ ይበላሽበታል! ያ ሁሉ ቅኔ የሚበላሸው ግን በየኔታ ፊት ነው እንጂ በበዓል ቀን ሊቃውንቱ በተሰበሰቡበት ማኅሌት አይደለም። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረው የህንዱ ሐኪም ሱሽሩታም መንገዱ ይኸው ነበር። በስሙ የሚጠራው መጽሐፍ እንደሚያስተምረው፣ ደቀ መዛሙርቱ መቅደድን በቅልና በኪያር ላይ፣ መስፋትንም በጨርቅና በለስላሳ ቆዳ ላይ ይለማመዱ ነበር።

እንግዲህ ወደ አክስቴ ሐኪም ልመለስ። ቀዶ ጥገናው በሰላም ካለቀ ከሦስት ቀን በኋላ ወጣቱን ሐኪም በኮሪደር አገኘሁትና የአክስቴን ጥያቄ እያፈርሁ ነገርሁት። ይቈጣል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን ሣቀና «ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ና ላሳይህ» ብሎ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰደኝ። ከጠረጴዛው ላይ ከፍራሽ ስፖንጅ ተቀርጾ የተሠራ ጡት ተቀምጧል። ቆዳው የጎማ ጓንት ነው፤ የደም ሥሩ ቀይና ሰማያዊ የተቀባ የለስላሳ መጠጫ ቀሰም ነው፤ ያ የተፈራው ነርቭም አንድ ነጭ የስፌት ክር ነው። ክሩ የተዘረጋው ምላጩ በቀላሉ ከሚደርስበት ቦታ ላይ ነው።

«ክሩን ከቈረጥሁ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። መጀመሪያ ላይ በየጊዜው እቈርጠው ነበር» አለኝ።

ከጐኑም ጄላቲን የተሞላ ሳሕን አለ፤ በውስጡ የወይራ ፍሬ ተቀብሯል። ተማሪው በአልትራሳውንድ መስተዋት እያየ ፍሬውን በመርፌ መውጋት አለበት። በሌላ አገር የዶሮ ሥጋ ውስጥ የወይራ ፍሬ ቀብረው እንደሚለማመዱም ነገረኝ። «በጾም ወራት ግን ጄላቲኑም ቢሆን ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ ነው እያለ የሚከራከረኝ ጓደኛ አለኝ» ብሎ አሣቀኝ።

ሦስተኛው ልምምድ ግን ዕቃ የለውም። አንዱ ሐኪም እንደ ሕመምተኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሌላው ነቀርሳ መሆኑን፣ ጡቷም መውጣት እንዳለበት ይነግራታል። ይህን ዓይነት ትምህርት በ1963 በሎስ አንጀለስ የጀመረው ሐዋርድ ባሮውስ የሚባል የነርቭ ሐኪም ነው። «ከሦስቱ የሚከብደኝ ይህ ነው» አለኝ ወጣቱ። «ክር ሲቈረጥ ይታየኛል፤ ቃሌ ሰው ሲቈርጥ ግን አይታየኝም። ባሏ ምን እንደሚል፣ ልጆቿን ማን እንደሚይዝላት የምታስበውን ሴት፣ በሁለት ደቂቃ ነግሬያት የምሄድ ከሆነ እጄ ቢሠለጥን ምን ይጠቅማታል?»

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው ወይስ እውነት እጅ ያሠለጥናል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርስቲ 16 ሠልጣኝ ሐኪሞች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በኮምፒዩተር አስመስሎ በሚያሠራ መሣሪያ ተለማመዱ፤ ግማሾቹ በቀድሞው ልማድ ብቻ ቀጠሉ። ከዚያም ሁሉም የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና በሰው ላይ ሲሠሩ፣ ማን የትኛው እንደሆነ በማያውቁ ዳኞች ታዩ። በ2002 በታተመው ውጤት መሠረት የተለማመዱት 29 በመቶ ፈጥነው ሠሩ። ያልተለማመዱት ደግሞ ከረጢቱን ለመጉዳት ወይም የማይገባውን ሥጋ ለማቃጠል አምስት እጥፍ የቀረቡ ሆኑ። ፈተናው ስለ ሐሞት ከረጢት እንጂ ስለ ጡት አልነበረም፤ ነገር ግን የሚሠራው እጅ ያው የሰው እጅ ነው።

ልኩንም እንወቅ። ስፖንጅ አይደማም፤ አይፈራም፤ ልቡ አይመታም። መቼ መቅደድ፣ መቼስ መተው እንደሚገባ አያስተምርም። ከሁሉም በላይ መምህር የሌለበት ልምምድ ስሕተትን ማጽናት ነው። የኔታ የሌሉበት ቅኔ ቤት እንዴት ያለ ቅኔ እንደሚያወጣ አስቡት። በአገራችን የዚህ ታላቅ ምስክር ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካተሪን ሐምሊን የፊስቱላ ሕመምተኞችን ሲያክሙ፣ ማሚቱ ራሳቸው ታካሚ ሆነው የመጡ የገጠር ልጅ ነበሩ። ከሆስፒታሉ ቀርተው መጀመሪያ አልጋ በማንጠፍ፣ ቀጥሎም ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ጐን ቆመው መሣሪያ በማቀበል፣ በመጨረሻም ሐኪሞቹ እጃቸውን እየመሩላቸው በመሥራት ዐዋቂ ሆኑ። ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞችን እስከ ማስተማር ደረሱ። እጅን እጅ ያደረገው ከጐኑ የቆመ መምህርና ድግግሞሽ ነው። አስመስሎ መለማመድ ይህን አይተካም፤ የሚያደርገው የድግግሞሹን የመጀመሪያ ክፍል፣ ያንን ክሩ የሚቈረጥበትን ክፍል፣ ከሰው ገላ ላይ ማንሣት ነው።

ለዚህ ደግሞ በሚሊዮን የሚገዛ መሣሪያ መጠበቅ አያሻም። የሐዋሳ ዩኒቨርስቲ ሐኪሞች ከአሜሪካው ከሚሺጋን ዩኒቨርስቲና ከካሜሩኑ ከምቢንጎ ሆስፒታል ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚሠራውን የሆድ ቀዶ ጥገና የሚያለማምድ፣ ከርካሽ ዕቃ የሚበጅ ሣጥን አዘጋጅተዋል። ለጡት ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውም ስፖንጅ፣ ጓንት፣ ክርና የበግ ቆዳ ነው። የበግ ቆዳ በጎጃም መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት ስድስት ማይክሮስኮፖች ነበሩ። ሁሉም በቁም ሣጥን ተቈልፈው ይኖራሉ። እንዲወጡ ብጠይቅ የንብረት ክፍሉ ሰው «ቢበላሹ ማን ይጠየቃል?» አሉኝ። ማይክሮስኮፖቹ እስከ ዛሬ አልተበላሹም፤ ተማሪዎቹም እስከ ዛሬ ሕዋስ አላዩም። ውድ አንባቢዬ፥ በጤና መምሪያ ወይም በዩኒቨርስቲ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ከሆነ፣ አንድ ቀን ጓንትና ክር የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ወይም አንድ ነባር ሐኪም በሳምንት ግማሽ ቀን ለማስተማር ከሌላ ሥራ ነጻ ይሁን የሚል ደብዳቤ ከጠረጴዛህ ላይ ይደርሳል። በሞዴል 22 ወጪ የሚሆነው ዕቃ እንዲበላሽ የተገዛ ነው። መበላሸቱ ጥቅሙ ነው። እርሱ ካልተበላሸ የሚበላሸው ምን እንደሆነ አስብ። ተማሪ የሆንህ እንደሆነ ደግሞ፣ መሳሳት በሚፈቀድበት ቦታ መሳሳትን አትፈር፤ ቦታው ሲያልፍ አይመለስም። እናት፣ አክስት ወይም እኅት ያለን ሁላችን ደግሞ በጡት ውስጥ የተገኘ እብጠት በነጠላ እንዳይሸፈን ከቤታችን እንጀምር።

ወጣቱን ሐኪም ስለያየው ቁጥሩን ጠየቅሁት። «ምላጩን ራሴ ይዤ የሠራሁላቸው አራተኛዬ ናቸው፤ መምህሬ ከጐኔ ነበሩ። ስፖንጁን ግን ቈጥሬው አላውቅም» አለኝ።

ይህን ለአክስቴ ወስጄ ነገርሁ። ዛሬ ከቤታቸው ተመልሰው፣ ሐኪሙ ባዘዛቸው መሠረት ክንዳቸውን በየቀኑ ወደ ግድግዳው ከፍ እያደረጉ ያንቀሳቅሳሉ። ክትትላቸው ገና አላለቀም፤ ክንዳቸውም አንዳንድ ጊዜ ያብጣል። እንዝርቱን ግን እንደገና ይዘዋል። ነገሩን ሁሉ በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፥

«እንግዲያስ ከእኔ በፊት የቈሰለልኝ ስፖንጁ ነዋ!» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም፥ «ለሚቀጥለው ብላቴና ደግሞ ከእኔ የበግ ቆዳ አንዱን ውሰድለት» አሉኝ።